በክረምት የሚታሰር ዝንብ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ ከተደረገ ንግግር)



ወንዙ ሁሉ በደፈረሰበት በዚህ ወራት ስለ ዓሣ ማስገር መናገራችን ያስቅ ይኾናል። ነገር ግን የዝግጅቱ ጊዜ አሁን ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ትራውት የሚባለው ዓሣ ምግቡን በዐይኑ አይቶ የሚይዝ ስለ ኾነ፣ ከላባ የተሠራ ዝንብ መሳይ መንጠቆ በድፍርስ ውሃ ቢጥሉለት አያየውም። ስለዚህ ወደ ወይብ ወንዝ ለመሄድ ያሰብነው ውሃው በሚጠራበት በጥር ነው። ከአየር ጤና እስከዚያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ክር ተበጠሰ ማለት የወላጅን ገንዘብ ወንዝ ውስጥ መጣል ነው።

መንጠቆውስ ይገዛል፤ ላባው ግን በየቤታችን ይጣላል! የአውራ ዶሮ አንገት ላባ ጠጣር ስለ ኾነ ዝንቡን ያንሳፍፈዋል፤ የሴቷ ለስላሳ ስለ ኾነ ይሰምጣል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ላባውን በሳሙና አጥበን በጥላ እናደርቃለን፤ በልብስ ሰፊ ክር መንጠቆው ላይ እንጠመጥመዋለን፤ ቋጠሮውንም የእኅቶቻችን የጥፍር ቀለም ያጸናዋል (ፈቃዳቸውን ጠይቀን ነው)። የናይለኑን ክር ስንቋጥር ከማጥበቃችን በፊት እናርሰዋለን፤ በደረቁ ቢጠብቅ በሰበቃው ግለት ይደክማልና። ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ፣ በመንጠቆው ፈንታ የበግ ጠጕር አስረን፣ በሜዳው ላይ መወርወር እንለማመዳለን።

የፓርኩን ፈቃድ አስቀድመን እንጠይቃለን። የሚጎድለን ላባ ነው። እናቶቻችን ሆይ፤ ለእንቁጣጣሽ አውራ ዶሮ ሲታረድ፣ የፈላው ውሃ ሳይነካው የአንገቱን ላባ ነጭታችሁ እንድታስቀምጡልን እንለምናለን።