«ተልኳል» ያልነው ደብዳቤ

(ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ከጽሕፈት ቤታችን አንድ የምንጭ ማጎልበቻ ማመልከቻ በጊዜው ተዘጋጅቶ ሳለ ሳይደርስ ቀረ። በማስታወቂያው ላይ የነበረውን የኢሜይል ማስፈንጠሪያ በተጫንን ጊዜ፣ የእኛ አድራሻ ያልተመዘገበበት ሌላ ፕሮግራም ተከፈተ። ደብዳቤው በዚያው ተቀምጦ ቀረ፤ እኛም «ተልኳል» ብለን መልስ ስንጠብቅ ቀኑ አለፈ። የዚያች አጥቢያ እናቶች ዛሬም ውኃ የሚቀዱት ከሩቅ ነው። ጥፋቱ የእኛው ስለ ሆነ፣ የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ብዙዎቻችን የምንሠራው በአሮጌ ኮምፒውተርና በደካማ መስመር ነው። ስለዚህ ሊነክስ በተጫነባቸው ማሽኖቻችን ላይ «ማት» የተባለውን በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ የኢሜይል ፕሮግራም እንጠቀማለን። ማይክል ኤልኪንስ በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ስሙ እንደ ፊደሉ ከተነበበ «ሙት» ስለሚመስል አባቶችን ያስደነግጣል፤ ትርጉሙ ግን ዘሩ የተደባለቀ ውሻ ማለት ነው። እንደ ስሙም ትሑት፣ እንደ ውሻም ታማኝ ሆኖ አግኝተነዋል።

ችግሩ ይህ ነው። የኢሜይል ማስፈንጠሪያ «ሜይልቱ» በሚል ቃል ይጀምራል፤ ተቀባዩን፣ አንዳንዴም ርእሱንና መልእክቱን ይዞ ይመጣል። ብራውዘሩ «ይህን የሚቀበል ማን ነው?» ብሎ ሥርዓቱን ይጠይቃል። ማት የሚሠራው በተርሚናል ውስጥ ስለ ሆነ፣ እኛ ካላስመዘገብነው ላይጠራ ይችላል።

እንግዲህ መፍትሔው ሦስት ደረጃዎች አሉት።

አንደኛ፣ ማት በራሱ በትክክል መላኩን፣ ለራሳችን አንድ ደብዳቤ ልከን እናረጋግጥ።

ሁለተኛ፣ በመነሻ ማኅደራችን ውስጥ «ሎካል» ከተባለው ስውር ማኅደር፣ «ሼር» ቀጥሎም «አፕሊኬሽንስ» ወደሚለው ገብተን፣ «ዴስክቶፕ» የሚል ቅጥያ ያለው አጭር ፋይል እንጻፍ። በውስጡም የፕሮግራሙ ስም፣ የማስነሻው ትእዛዝ፣ በተርሚናል እንደሚከፈትና የ«ሜይልቱ» ተቀባይ መሆኑ ይገለጻል። በማስነሻው ትእዛዝ መጨረሻ የመቶኛ ምልክትና «ዩ» የተባለችው የላቲን ፊደል መኖር አለባቸው፤ ማስፈንጠሪያው የሚገባው በእነርሱ ቦታ ነውና። እነርሱ ከተረሱ ማት ይከፈታል፤ የተቀባዩ አድራሻ ግን አይመጣም።

ሦስተኛ፣ «ኤክስዲጂ ማይም» በተባለው ትእዛዝ ይህን ፋይል የ«ሜይልቱ» ዋና ተቀባይ አድርገን እንሹመው። ፋየርፎክስ የራሱ ምርጫ ስላለው፣ በቅንብሩ ውስጥ «አፕሊኬሽንስ» በሚለው ክፍልም እንመልከት።

አንድ ማስጠንቀቂያ እናክል። ማስፈንጠሪያውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ እኛ ያላሰብነውን ቃል ወይም ግልባጭ ተቀባይ ሊያስገባ ይችላል። ማት ከማስፈንጠሪያ የሚቀበላቸውን ነገሮች የሚወስን «ሜይልቱ አላው» የተባለ ቅንብር አለው፤ ያለ ምክንያት አናስፋው። ከመላካችን በፊትም ተቀባዩን፣ ግልባጩንና መልእክቱን እናንብብ።

በመጨረሻም፣ ደብዳቤ ደረሰ የሚባለው ተቀባዩ «ደርሶኛል» ሲል ነው። ከማመልከቻ ቀን ሦስት ቀን ቀድመን እንላክ፤ መልስ ካልመጣም ስልክ እንደውል። የምእመናን ውኃ በእኛ ቸልተኝነት እንዳይዘገይ አደራ እንላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።