ልብ በግራ የሆነው ለምንድን ነው?



አናቶሚ ስንማር ልብ በግራ፣ ጉበት በቀኝ፣ ጣፊያ በግራ እያልን ሸመደድን። ለፈተና በቂ ነበር። ለምን በግራ ሆነ ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከውጭ ሲታይ ግራና ቀኛችን እኩል ነው። ይህ ለመረዳት አይከብድም። ወደፊት ለሚሄድ እንስሳ ፊቱና ኋላው፣ ላይና ታቹ ይለያያሉ፤ ግራና ቀኙ ግን አንድ ነው፤ ጠላትም ምግብም ከሁለቱም ይመጣል። አንድ እግሯ ያጠረ ሚዳቋ ቀጥ ብላ አትሮጥም። የባሕር ኮከብ እንኳን እጭ ሆኖ ሲዋኝ ሁለት እኩል ጎን አለው፤ ባለ አምስት ክንድ የሚሆነው አድጎ ወለል ላይ ሲቀመጥ ነው።

ውስጣችን ግን ሌላ ነው። ረጅሙ አንጀት ጠባብ ሆድ ውስጥ መጠቅለል አለበት። ልብም መጀመሪያ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፤ በፅንሱ አራተኛ ሳምንት ይጣመማል። የሚጣመም ነገር ደግሞ ጎን መምረጥ ግዴታው ነው። ታዲያ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ጎን የሚመርጥልን ማነው?

መልሱ የመጣው ከሚያስላቸው ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የዙሪኩ ሐኪም ማነስ ካርታጌነር የውስጥ አካላት መገለባበጥ፣ የሳይነስ ሕመምና የሳንባ ቧንቧ መስፋት አንድ ሰው ላይ አብረው የሚታዩበትን ሁኔታ ገለጸ። በ1976 ስዊድናዊው ቢዮርን አፍዜሊየስ መውለድ ያቃታቸውን ወንዶች ዘር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት ጅራቱን የሚያንቀሳቅሰው ዳይኒን ጎድሎ አገኘው። አክታ የሚጠርጉት ጥቃቅን የሳንባ ፀጉሮች፣ ሲሊያ የምንላቸው፣ የሚሠሩትም በዚሁ ነው። በ1998 ደግሞ ቶኪዮ የሚገኘው የሂሮካዋ ቡድን የአይጥ ፅንስ ላይ እነዚህ ፀጉሮች እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ግራ ሲገፉት አሳየ። ግራችንን ግራ የሚያደርገው ይህች ትንሽ ጅረት ናት። (ዶሮ ግን ያለዚህ ጅረት ልቧን ታዞራለች፤ ዶሮን ብቻ ብናጠና ኖሮ ይህን ባላወቅን ነበር።)

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ፀጉሮቹ ሳይሠሩ ሲቀሩ ልብ የግድ ወደ ቀኝ አይሄድም፤ ጎኑ በዕጣ ይወሰናል። ስለዚህ ከበሽተኞቹ ግማሽ ያህሉ ልባቸው በቦታው ነው።

ይህ የመጽሐፍ ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስለው ወጣት ነበር። አክታው ላይ ምንም ሳይገኝ የቲቢ መድኃኒት ከአንዴም ሁለቴ ወስዷል። ራጁ በታየ ቁጥር ልቡ በቀኝ ይወጣል፤ ያየው ሁሉ «ተገልብጦ ነው» እያለ ፊልሙን ያዞረዋል። ኢሲጂውም «ገመዱ ተቀያይሯል» ተብሎ ታልፏል። የእጅ ገመድ ቢቀያየር እኮ የደረቱ ሞገድ ከቪ1 ወደ ቪ6 እንደወትሮው እያደገ ይሄዳል፤ የእሱ ግን እያነሰ ነበር የሚሄደው። አንዲት ኢንተርን ማዳመጫዋን በቀኝ ደረቱ ላይ ስታሳርፍ ነው ነገሩ የታወቀው። እስከዚያ ድረስ የሳንባው ታችኛው ክፍል ተጎድቶ ነበር፤ የተጎዳ ቧንቧ ደግሞ አይመለስም።

የእሱ ልብ በቀኝ መሆኑ ቢያንስ ምልክት ሰጥቶናል። ልቡ በግራ የሆነው ሌላኛው ግማሽ ራጁ ምንም አይናገርለትም። ሲወለድ ጀምሮ አፍንጫው የማይደርቅ፣ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ሳል የሚያስል፣ ጆሮው የሚመግል ልጅ ሲመጣ፣ አንቲባዮቲክ ደግመን ከመጻፋችን በፊት እናቱን «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለን እንጠይቃት።

የአናቶሚ መምህራን እዚህ ስላላችሁ አንድ ልመና አለኝ፤ «ልብ በግራ ነው» ስትሉ አምስት ደቂቃ ጨምሩና ስለዚያች ጅረት ንገሯቸው።