ከሐኪም ቤት የሚመለሰውን ጎረቤት ስለ መቀበል

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጽሕፈት ቤቱ በኩል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የመዋጮ ወይም የአጥር ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ጉዳይ ነው። እንደምታውቁት በሰፈራችን የአእምሮ ሕመም አግኝቷቸው ሐኪም ቤት ተኝተው የታከሙና ተሽሏቸው የተመለሱ ልጆች አሉን። ሲመለሱ ግን «አማኑኤል ነበረ» ይባልና ቤት አከራዩ የተቀበለውን ቀብድ ይመልሳል። በዕድር ድንኳን ከጎናቸው የሚቀመጥ ይጠፋል። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «አንድ ቀን ሰው ይጎዳል» ነው። ለማኅበራችንም «እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችን እንዳይከራይ ይወሰንልን» የሚል ጥያቄ ቀርቧል።

ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት የተጠና ነገር ካለ እንስማ ብለን የጤና ባለሙያዎችን ጠየቅን። ያስረዱንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ማወዳደር ማለት ምን እንደሆነ እንይ። አንድ ገበሬ አንዱን ዘር በጥቁር አፈር፣ ሌላውን በጭንጫ መሬት ዘርቶ «ይኼኛው ዘር ክፉ ነው» ቢል ማን ይቀበለዋል? መሬቱ አንድ መሆን አለበት። ሕመምተኛውም እንደዚሁ ነው። ድህነትና ጠብ በበዛበት ሰፈር የሚኖረውን ሕመምተኛ፣ ሰላም ባለበት ሰፈር ከሚኖረው ጤነኛ ጋር ብናወዳድር ጥፋቱ የሕመሙ ይሁን የሰፈሩ አይታወቅም።

ይህንን በሚገባ ያሰበ ጥናት በአሜሪካ አገር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሟል። ማካርተር የተባለው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 40 የሆነ፣ በሦስት ከተሞች ከአእምሮ ሐኪም ቤት የወጡ ከ1,100 በላይ ሰዎችን ለአንድ ዓመት በየ10 ሳምንቱ እየጠየቁ ተከታተሏቸው። ፒትስበርግ በሚባለው ከተማ ደግሞ ሕሙማኑ በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ውስጥ የሚኖሩ 519 ጎረቤቶችን ጠየቁ። ከሕሙማኑ ቃል ሌላ፣ በቅርብ የሚያውቋቸውን ሰዎች ጠይቀዋል፤ የፖሊስና የሐኪም ቤት መዝገብም አይተዋል። እንግዲህ መሬቱን አንድ አደረጉት ማለት ነው።

ምን ተገኘ? የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ችግር የሌለባቸው ሕሙማን፣ ይኸው ችግር ከሌለባቸው ጎረቤቶቻቸው ይልቅ ሰው ይጎዳሉ የሚያሰኝ ልዩነት አልተገኘም። መጠጥና ዕፅ ሲገባበት ግን ጠቡ በሁለቱም ወገን ጨመረ፤ በጤነኛውም በሕመምተኛውም። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ችግር ያለባቸው ከጎረቤቶቹ ይልቅ በሕሙማኑ በኩል በዝተው ተገኝተዋል። ችግሩ ካለባቸውም መካከል ሕሙማኑ ከሐኪም ቤት በወጡ ሰሞን ከጎረቤቶቹ በልጠው ታይተዋል። ይህን አንደብቅም። ሌላም ነገር አለ። ጠብ ሲነሣ በብዛት የሚጎዳው በመንገድ የሚያልፈው እንግዳ ሰው ሳይሆን የገዛ ቤተሰብና ወዳጅ ነው፤ የሚደርሰውም በብዛት እቤት ውስጥ ነው። በዚህም ሕሙማኑና ጎረቤቶቹ ተመሳሳይ ነበሩ።

«ያ አሜሪካ ነው፤ ለኛ ምን ይሆነናል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ሰፈሩ የእኛ ሰፈር አይደለም። ታዲያ የአገራችንንም እንስማ። በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ሕሙማኑ ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲወዳደሩ ሞታቸው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከሞቱትም ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። እኛ እነሱን ስንፈራ፣ እነሱ በጊዜ ቢታከሙ በሚድኑበት በሽታ እየሞቱብን ነው ማለት ነው። ታዲያ አደጋው ያለው በማን ላይ ነው?

ስለሆነም ኮሚቴው የሚከተሉትን ለድምፅ ያቀርባል፤

1ኛ/ ማንም ሰው የአእምሮ ሕመም አለበት ወይም ነበረበት ተብሎ ቤት እንዳይከለከልና ከዕድር እንዳይገለል፤

2ኛ/ ልጁ ከሐኪም ቤት በወጣ ሰሞን ለቤተሰቡ ብቻ እንዳንተወው፤ ከጎረቤት ሁለት ሁለት ሰው ተራ ገብቶ እንዲጠይቅ። የቤቱ ሰዎች ሲጨነቁም «አበዛችሁት» ሳንል እንድንሰማቸው፤

3ኛ/ አረቄና ጠላ ለሚሸጡ እናቶቻችን አደራ እንላለን፤ መድኃኒት የሚወስድን ልጅ «አንዲት መለኪያ ምን ታደርገዋለች» አትበሉት። ይህንን የጋበዘው ሰው የቱንም ያህል ቢወደው አልጠቀመውም፤

4ኛ/ ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ነገር ግን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ፤

5ኛ/ የአእምሮ ሕመምተኛ ሲያስለው፣ ሲያተኩሰው ወይም ሲከሳ «ያው ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ፤ እንደማንኛውም ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ።

በሰፈራችን ሰው የሚያስፈራራ ካለ፣ ታመመም አልታመመም ባደረገው ነገር ይጠየቃል፤ ለዚህ ሽማግሌም ሕግም አለን። ባላደረገው ነገር ግን ማንንም ልንጠይቅ አንችልም።

ያልተስማማ ካለ እጁን አውጥቶ ይናገር፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን።