የቋንጃ ማሳሳቢያ ስልቶች ንጽጽር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አምስቱን የሥራ ቀን ከጠረጴዛው ሳይነሣ የሰነበተ ባለሙያ ቅዳሜ ወደ ኳስ ሜዳ ሲወርድ፣ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት ለመንካት ሁለት ሦስት ጊዜ ነጠር ነጠር ይልና ወዲያው መሮጥ ይጀምራል። አንዳንዱም ጨዋታው ገና ሳይሞቅ የጭኑን ኋላ ይዞ እያነከሰ ይወጣል። ስለዚህ የትኛው የማሳሳብ ስልት ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደማያስገኝ ለይቶ ማወቅ ተገቢ ነው።

ቋንጃ በመባል የሚታወቀው ከጉልበት በስተኋላ የሚዳሰሰው ጅማት ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የተያያዙት ሦስት ጡንቻዎች በአብዛኛው ከመቀመጫ አጥንት ተነሥተው ከጉልበት በታች ባሉት አጥንቶች ላይ ያርፋሉ። ዳሌንና ጉልበትን፣ ማለትም ሁለት መጋጠሚያዎችን፣ ስለሚያልፉ ዳሌ ታጥፎ ጉልበት ሲዘረጋ ከሁለቱም ጫፍ ይወጠራሉ። በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው እግሩን ወደ ፊት ሲወረውር ለጉዳት የሚጋለጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጡንቻዎቹን ለማሳሳብ የተለመዱት ስልቶች አምስት ናቸው። አንደኛው ነጠር ነጠር እያሉ መሳብ ነው፤ ጡንቻ በድንገት ሲሳብ ራሱን ለመከላከል ስለሚኮማተር፣ ሳቢው ከገዛ ጡንቻው ጋር ይታገላል። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ስቦ ይዞ መቆየት ነው። ሦስተኛው እግርን በልክ እያንቀሳቀሱ ማፍታታት ነው። አራተኛው ጡንቻውን ለጥቂት ሰኮንድ አኮማትሮ፣ ከዚያ አላልቶ መሳብ ሲሆን፣ መነሻው ሐኪሙ ኸርማን ካባት በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሕሙማን ያዘጋጀው ሕክምና ነው። አምስተኛው ጡንቻው ኃይል እያወጣ እንዲረዝም ማድረግ ነው።

እነዚህ ስልቶች በመለኪያ ተፈትነዋል። ባንዲና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን አንድ ጊዜ ለ30 ሰኮንድ ይዘው የቆዩት ሰዎች በ6 ሳምንት ውስጥ ከ11 ዲግሪ በላይ ሲያተርፉ፣ በእንቅስቃሴ ያፍታቱት ያተረፉት 4 ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር። በ1997 ያወጡት ደግሞ 30ውን ሰኮንድ ወደ 60 ማሳደግ፣ ወይም በቀን ሦስት ጊዜ መደጋገም ተጨማሪ ጥቅም እንዳላስገኘ አመልክቷል። በ2004 ኔልሰንና ባንዲ አምስተኛውን ስልት ከሁለተኛው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሁለቱም ከ12 ዲግሪ በላይ አስገኝተዋል።

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የትርፉ ምንጭ ነው። ጡንቻ ተስቦ ሲያዝ ውጥረቱ ቀስ በቀስ ይላላል፤ ይህ ጠባይ ከላስቲክና ከፕላስቲክ የታወቀ ነው፤ ሲለቀቅም ብዙ ሳይቆይ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ታዲያ ከሳምንታት ልምምድ በኋላ የሚታየው ለውጥ ከየት መጣ? ማግኑሰንና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ከሦስት ሳምንት ልምምድ በኋላ በዚያው ማዕዘን የሚለካው ተቃውሞ እንደ ቀድሞው ነው፤ ያደገው ሰውየው ሊታገሠው የሚችለው ጭነት ነው። በሌላ አነጋገር የቁሱ ግትርነት አልተለወጠም፤ የተለወጠው በነርቭ የተወሰነው የጭነት ጣሪያ ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይከተላል። መተጣጠፍ መቻል ከጉዳት መጠበቅ ማለት አይደለም። ፒተርሰንና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት የዴንማርክ ጥናት 942 እግር ኳስ ተጫዋቾች በሁለት ተከፍለው ነበር። ከልማዳዊው ልምምድ ሌላ፣ ተንበርክከው ቁርጭምጭሚታቸው ተይዞላቸው ሰውነታቸውን በቋንጃ ኃይል ቀስ እያሉ ወደ ፊት ያወረዱት 15 ጉዳት ሲደርስባቸው፣ በሌላው ወገን 52 ደርሷል። ጡንቻውን የጠበቀው እየረዘመ ጭነት መሸከምን መልመዱ ነው። በአንጻሩ ከሩጫ በፊት አንድን ጡንቻ ከ60 ሰኮንድ በላይ ስቦ መያዝ ለጊዜው ኃይሉን ይቀንሳል።

ስለሆነም ስልት የሚመረጠው በዓላማ ነው። ከጨዋታ በፊት በእንቅስቃሴ ማፍታታት፣ መተጣጠፍን ለማሳደግ በሌላ ሰዓት 30 ሰኮንድ ስቦ መያዝ፣ ጉዳትን ለመከላከል ደግሞ ጡንቻውን እያስረዘሙ ማሠራት ይበጃል። ስቦ ለመያዝ የሚያስፈልገው የበር መቃን ብቻ ነው፤ በጀርባ ተኝቶ፣ አንዱን እግር በመቃኑ ላይ አሳርፎ፣ ሌላውን በበሩ ክፍተት ዘርግቶ፣ ወገብን ሳያነሡ ጉልበትን ቀስ በቀስ ማቅናት ነው። ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር የሚወርድና የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን፣ ችግሩ የነርቭ ሊሆን ስለሚችል ከመሳብ ተቆጥቦ ሐኪም ማማከር ይገባል። ልምምዱ ሲቋረጥ የተገኘው ዲግሪ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይጠፋል፤ አካልም እንደ ድልድይ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሳይሆን ዘወትር ጥገና የሚሻ ነው።