ስለ አቶ መንግሥቱ ወርቁ፤ ከአጥቂነት እስከ አሠልጣኝነት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሲሬ የተደረገ ንግግር)





በዛሬው በዓል ስለ ስፖርት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ምስጋናችንን እናቀርባለን። ልንናገርላቸው የመረጥናቸው ሰው፥ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ካሰለፈቻቸው አጥቂዎች ሁሉ ብዙ ጐል ያገቡት አቶ መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። የመረጥናቸውም ስለ ጐላቸው ብቻ ሳይሆን፥ መጫወት ካቆሙ በኋላ ስለ ሠሩት ሥራ ጭምር ነው።

የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲጀመር አገራችን ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ነገር ግን በዚያ ዓመት ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ በ1951 ዓ.ም. በካይሮም እንደ ገና 4 ለ 0 አሸነፈችን። ሦስተኛው ውድድር በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲደረግ ቡድናችንን የመሩት፥ ቀድሞ ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጨዋች የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አቶ መንግሥቱም በዚያን ጊዜ የዚያው ክለብ ወጣት አጥቂ ነበሩ።

በመጀመሪያው ግጥሚያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ስናሸንፍ ሁለቱን ጐል ያገቡት አቶ መንግሥቱ ናቸው። ከዚያም ጥር 13 ቀን፥ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፥ ለፍጻሜው ከዚያችው ከግብጽ ጋር ተገናኘን። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛም ልጆች ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ጊዜ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን ጐል አገቡ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ አቶ መንግሥቱ አራተኛውን ጨመሩና ነገሩ ተቈረጠ። የኢታሎ ወንድም፥ ካፒቴኑ ሉቻኖ ቫሳሎ፥ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበሉ። ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ የወሰደችው በዚያ ዓመት ብቻ ነው። አቶ መንግሥቱም በኋለኞቹ ውድድሮች ጭምር ተሰልፈው በአፍሪካ ዋንጫ ያገቡት ጐል 10 ደረሰ።

እዚህ ላይ ብናቆም የጀግና ታሪክ ተናግረን እንቀመጥ ነበር። ነገር ግን የአጥቂ እግር ዕድሜ አለው። ጫማውን ሲሰቅል ያወቀውን ሁሉ አብሮ ይሰቅለዋልን? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

አቶ መንግሥቱ አልሰቀሉትም። አሠልጣኝ ሆነው በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችንን ይዘው ወደ ሊቢያ፥ ወደ አፍሪካ ዋንጫ፥ ሔዱ። ውጤቱን ሳንሸሽግ እንናገር። በናይጄሪያ 3 ለ 0፥ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ጐል ተለያየን። አሥር ጐል ያገቡት ሰው በሜዳው ዳር ቆመው፥ ቡድናቸው በሦስት ግጥሚያ አንድ ጐል እንኳ አላገባም።

ታዲያ ሥራቸው ከንቱ ሆነ እንበልን? አንልም። ያ ጐል ያልገባብን የአልጄሪያ ቡድን በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፎ ዓለምን አስደነቀ። ከሊቢያው ውድድር በኋላም አገራችን ወደ አፍሪካ ዋንጫ እስክትመለስ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቀች፤ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነው። አቶ መንግሥቱም በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ስላረፉ ያን ቀን አላዩም። ቡድንን እስከዚያ ማድረስ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ያስተማሩን እነዚህ ዓመታት ናቸው።

የአሠልጣኝ ሥራ የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው። አጥቂው፥ ተከላካዩ ፊቱን ወደ ኳሱ ሲመልስ ከኋላው ይነሣል፤ ይህን የሚያደርገው ሳያስብ ነው። አሠልጣኙ ግን እግሩ የሚያውቀውን በአፉ መናገር፥ ያም ልጅ እስኪገባው መቶ ጊዜ ማሳየት አለበት። ልጁ ጐል ሲያገባ የሚጨበጨበው ለልጁ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ለቀድሞ ተጨዋች ደመወዝ ተቈርጦለት ተማሪዎችን ማሠልጠን የታወቀ ሙያ ነው። በእኛ በኩል ግን ከአቶ ይድነቃቸው ወደ አቶ መንግሥቱ፥ ከአቶ መንግሥቱም ወደ ተከታዮቹ የተላለፈው ዕውቀት በአብዛኛው በሰው ፍቅር የተላለፈ ነው።

ይህ ነገር ሲሬን የሚመለከት ስለ ሆነ ነው ያነሣነው። ከትምህርት ቤታችን ቡድን በያመቱ የበሰሉት ይወጣሉ፤ አዲስ የገቡት ከሀ ይጀምራሉ። ገበሬ አባቶቻችን እህላቸውን ሲሰበስቡ አስቀድመው ዘሩን ይለያሉ፤ ሁሉን የበላ ለከርሞ የሚዘራው የለውምና። እኛ ግን የተጨዋቾቻችንን ዕውቀት በያመቱ እስከ ፍሬው ጨርሰን እንበላዋለን።

ስለዚህ ዘንድሮ የምንሰናበት ተጨዋቾች ተመካክረን አንድ ነገር ቈርጠናል። ክረምቱ ሜዳውን ጭቃ ሳያደርገው፥ እያንዳንዳችን ከታችኛው ክፍል ሁለት ሁለት ልጆች፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ ይዘን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምናውቀውን እናሳያለን። ከእናንተ ከወላጆቻችን መካከልም በወጣትነታችሁ ኳስ የተጫወታችሁ አላችሁ። ጉልበታችሁን አንለምናችሁም፤ መጥታችሁ በሜዳው ዳር ቆማችሁ «ቀኙን ተመልከት» ብትሉን ይበቃናል። መምህራኖቻችንም ሰዓቱንና ሜዳውን እንድትፈቅዱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

መክሊቱን ምድር ቈፍሮ የቀበረው አገልጋይ የተወቀሰው ስለ ሰረቀ አልነበረም፤ ስላላተረፈበት ነው። እኛም የተሰጠንን ሳንቀብር ከዚህ ግቢ እንድንወጣ እግዚአብሔር ይርዳን።