ስለ እንቅርት ዕጢ፣ ስለ ደም ቅባትና ስለ ነፍሰ ጡር እናቶቻችን

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያደረገው ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ እዚህ ተለጥፏል።)



የዛሬው ንግግሬ ስለ መዋጮም ስለ ቦይ ቁፋሮም አይደለም፤ ስለ ነፍሰ ጡሮቻችን ነው። አንገት ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ ሥራዋ ቀዝቀዝ ሲል በእናቲቱ የደም ቅባትና በፅንሱ ላይ ምን እንደምታደርስ፣ እኛም በቤታችን ምን ማድረግ እንደምንችል ላስረዳ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው የሕክምና ሰዎች የደረሱበትን ነው።

እንቅርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ራሱ በሽታውን ምን ያህል እንደለመድነው ይናገራል። አያቶቻችን አንገታቸውን ሲነቀሱ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርት ይከለክላል ብለው የተነቀሱም ነበሩ። ንቅሳቱ ያምራል፤ እንቅርትን ግን አይከለክልም። ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነውና። አዮዲን በአፈር ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። በተራራማ አገር ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለብዙ ዘመን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል። አፈሩ ካጣ እህሉ ያጣል፤ እህሉ ካጣ በላተኛው ያጣል። «ጣና አጠገባችን ነው፣ ዓሣ እንበላለን» የሚል ይኖር ይሆናል። አዮዲን የሚበዛው ግን በጨው ባሕር ዓሣ ነው እንጂ በሐይቅ ዓሣ አይደለም።

ዕጢዋ ታይሮይድ ትባላለች። ከማንቁርት ዝቅ ብላ ትገኛለች። አዮዲኑን ወስዳ ሆርሞን ትሠራለች፤ ያ ሆርሞን ሰውነት የበላውን በምን ፍጥነት እንደሚያቃጥል ይወስናል። እንደ ምድጃ እሳት ቁጠሩት። ጭንቅላት ውስጥ ደግሞ ሌላ ዕጢ አለች፤ ታይሮይድ ስትደክም «በርቺ፣ ጨምሪ» እያለች ትእዛዝ ትልካለች። ይህ ትእዛዝ በሕክምና ቋንቋ ቲ.ኤስ.ኤች. ይባላል። እንግዲህ ቀላል የሚባለው ችግር ይኸው ነው፤ ሆርሞኑ ገና ከልኩ አልወረደም፣ ትእዛዙ ግን ከልኩ በልጧል። እሳቱ አልጠፋም፤ ግን የሚነደው እፍ እፍ እየተባለ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ይህ ችግር አለመታየቱ ነው። አንገት ላያብጥ ይችላል። እናቲቱ ይደክማታል፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ሆዷ ይደርቃል፣ እንቅልፍ ያበዛባታል። እኛም «ምን ታደርጊዋለሽ፣ እርግዝና ነው» እንላታለን። እውነትም እርግዝናው ሊሆን ይችላል። የትኛው መሆኑን የሚለየው የደም ምርመራ ነው እንጂ የእኛ ግምት አይደለም።

አሁን ወደ ደም ቅባት ልምጣ። ኮሌስትሮል የሚባለውን ቅባት ከደም ውስጥ እየሰበሰበ የሚያስወግደው ጉበት ነው። ጉበትን ለዚህ ሥራ የሚያተጋው ደግሞ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ጉበቱ ይታክታል፣ ቅባቱም በደም ውስጥ ይቆያል። በእርግዝና ጊዜ ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ጤነኛ ነፍሰ ጡር እንኳ ደሟ ቅባት ያበዛል። መጀመሪያ ሰውነቷ ስብ ያጠራቅማል፤ በኋላ ያንን ስብ እየፈታ እሱን ለራሷ፣ ስኳሩን ለልጁ ያደርጋል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የቅባት ዓይነት ወደ መውለጃው ሲቃረብ ከቀድሞው 2 ወይም 3 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ዕጢዋ የቀዘቀዘባት ነፍሰ ጡር ግን ቅባቷ ከዚህም አልፎ ሊገኝ እንደሚችል ያመለከቱ ጥናቶች አሉ፤ ውጤታቸው ግን ሁሉም አንድ አይደለም።

ይህን የማነሣው ለምን መሰላችሁ? «የደም ቅባትሽ በዝቷል» የተባለች ነፍሰ ጡር ደንግጣ ምግብ እንዳትቀንስ ነው። ቅቤውን ተዪ፣ ወተቱን ተዪ፣ እንቁላሉን ተዪ እያልን ጎረቤቶች ከጠመድናት የምንጎዳው ልጁን ነው። የቅባት ማውረጃ ክኒንም በእርግዝና ጊዜ እንዲሁ አይሰጥም። ትክክለኛው ጥያቄ «ዕጢዬስ ታይታለች ወይ?» የሚለው ነው። ይህንንም የምትጠይቀው ሐኪሟን ወይም አዋላጅ ነርሷን ነው።

ለፅንሱ ያለውን ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የልጁ ዕጢ ገና ሆርሞን አትሠራም። አእምሮው ሲገነባ የሚጠቀመው በእናቱ ሆርሞን ነው። ስለዚህ የእናቲቱ ዕጢ ከወትሮው በግማሽ ያህል የበለጠ ሥራ ይጠበቅባታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያዛል። 250 ማይክሮግራም ማለት አንድ ግራም ለ4,000 ሲካፈል ነው፤ በዓይን የማይሞላ ነገር ነው። ይኸው በጣም ከጎደለ ግን ውርጃ፣ ሞቶ መወለድና የልጅ አእምሮ መዘግየት ያመጣል።

እኛ ጋ ደግሞ ሴት ልጅ ፅንሷን ዓይን እንዳይበላት ብላ ሆዷ እስኪገፋ ትደብቃለች። ልማዱን አልነቅፍም። ለጎረቤት መደበቅ ትችላለች፤ ለጤና ባለሙያ ግን አትደብቅ። የምትደብቃቸው 3 ወራት ልጁ በእናቱ ዕጢ ብቻ የሚኖርባቸው ወራት ናቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ! የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ ይመክራል። ቀድሞ እንቅርት የነበረባት፣ በቤተሰቧ ያለባት፣ ወይም ፅንስ በተደጋጋሚ የወረዳት እናት ይህንኑ ሳትጠየቅ ትናገር። ምርመራው እዚህ ከሌለ ወደ ጎንደር የሚልኳት እነሱ ናቸው።

ችግሩ የተገኘባት ሁሉ መድኃኒት ትወስዳለች ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ሰፊ ጥናት፣ ቀላሉ ችግር ላለባቸው ነፍሰ ጡሮች ከሦስተኛው ወር በኋላ የተጀመረው ክኒን የልጆቹን አእምሮ ካልወሰዱት እናቶች ልጆች የተሻለ አላደረገም ብሏል። ስለዚህ ለማን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የታዘዘላት ግን በባዶ ሆድ በውሃ ትዋጠው። በክትትል ከሚሰጠው የብረት ክኒን ጋር በአንድ ጊዜ አትውሰደው፤ ብረቱ መድኃኒቱን ይይዝባታል። በመካከላቸው 4 ሰዓት ይኑር። በጾም ወራት የምትቸገር ካለች መድኃኒቱን ከማቋረጧ በፊት ንስሐ አባቷን ታማክር።

የቀረው የሁላችን ሥራ ነው፤ ጨው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣበት ከ1990 ዓ.ም. በፊት በአሰብና በምጽዋ በኩል አዮዲን የገባበት ጨው እናገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአፋር ጨው ያለ አዮዲን ገበያውን ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው አዮዲን እንዲገባበት ደንብ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥናት ከ100 ቤት በ89ኙ ተገኘ። ትልቅ ለውጥ ነው። ይሁንና አዮዲን አለው ማለት በቂ አለው ማለት አይደለም፤ ቤት ከገባ በኋላም ይባክናል። ስለዚህ፤

1ኛ/ «አዮዲን ያለው» የሚል የታሸገ ጨው እንግዛ። አሞሌውን ለከብት እንተወው።
2ኛ/ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ አርቀን እናስቀምጥ። ጨውን በውሃ አንጠብ።
3ኛ/ ጨውን ወጡ ሊወጣ ሲል እንጨምር።
4ኛ/ ጨው አናብዛ። የሚያስፈልገው ጥራቱ ነው እንጂ ብዛቱ አይደለም።

ኮላ ድባ ለጤና ትምህርት አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 ወባ ደንቢያን ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ተማሪዎቹ ወደ እኛ ጤና ጣቢያ እየመጡ ይሠለጥኑ ነበር። የወባን ትኩሳት ሁሉም ያየው ነበር። ይህኛው ግን ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። የሱቅ ባለቤቶች የታሸገውን ጨው እንድታመጡ፣ ባሎችም ሚስቶቻችሁን በጊዜ ለክትትል እንድታደርሱ በማኅበሩ ስም አሳስባለሁ። ነፍሰ ጡሮቻችንን ማርያም በሰላም ትገላግልልን።



የማኅበሩ ጸሐፊ