ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚስማማውን የዋይ ፋይ መሣሪያ ስለ መምረጥ



የዛሬው ንግግራችን ርእስ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ በከንቱ የሚፈስበት ጉዳይ ነው። ይኸውም በቤት የሚገኘውን አሮጌ ላፕቶፕ ያለ ሽቦ ከኢንተርኔት ጋራ ለማገናኘት ምን ዓይነት መሣሪያ መግዛት ይገባል የሚለው ነው።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ልናገር። ታናሽ እኅቴ የምትማርበት ላፕቶፕ ዕድሜው ወደ ሃያ ዓመት ይጠጋል። ዋይ ፋዩ እየዘገየ ቢያስቸግራት፥ እኔ ምንም ሳልመረምር በሱቁ ከነበረው ሁሉ ውዱን ራውተር ገዝቼ ገባሁ። ማታ ከተከልነው በኋላ ግን፥ «ወንድም ጋሼ፥ ዛሬም ያው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በላፕቶፑ ውስጥ ያለው መቀበያ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደንብ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ከፍተኛው ፍጥነቱ በሰከንድ 54 ሜጋቢት ነው፤ በተግባርም የሚገኘው ከዚህ ግማሽ ያህል እንኳ አይሞላም። ሦስት ሰዎች አብረው ሲጓዙ የሚደርሱት በዝግተኛው እርምጃ እንደ ሆነ ሁሉ፥ የኢንተርኔቱ መስመር፥ ራውተሩና ላፕቶፑም የሚሄዱት በደካማው ልክ ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ደካማው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋራ አገናኙት። በኬብልም ከዘገየ፥ ጥፋቱ የመስመሩ ወይም የላፕቶፑ የራሱ ነውና የዋይ ፋይ መሣሪያ መግዛት አይረዳም። በኬብል ፈጥኖ ያለ ኬብል የሚዘገይ ከሆነ፥ አዲስ ስልክ በዚያው ስፍራ አስቀምጣችሁ ሞክሩ። ስልኩ ከፈጠነ መለወጥ ያለበት የላፕቶፑ መቀበያ ነው፤ ለዚህም በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ አዳፕተር ይበቃል።

አዳፕተሩም ቢሆን በልክ ይመረጥ። የአሮጌ ላፕቶፕ መሰኪያ አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ነው፤ ይህም በሰከንድ ከ480 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 1200 ወይም 1800 ተብሎ ለተጻፈው ብልጫ ገንዘብ መክፈል ትርፉ ድካም ነው። ይልቅስ በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም የሚሠራውን መካከለኛውን ምረጡ። 2.4 ግድግዳን አልፎ ሩቅ ይደርሳል፤ 5 ደግሞ በቅርብ ይፈጥናል፥ የጎረቤትም ዋይ ፋይ ብዙ አያውከውም። እንዲሁም አዳፕተሩ በላፕቶፑ ላይ ላለው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ድራይቨር ያለው መሆኑን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ፤ ለአሮጌ ዊንዶውስ ድራይቨር የሌላቸው አዳዲስ አዳፕተሮች አሉና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጥበቃ ነገር ነው። አንዳንድ አሮጌ መቀበያ ደብልዩኢፒ ከሚባለው ቁልፍ በቀር አያውቅም። ይህ ቁልፍ በቀላሉ የሚሰበር በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2004 በደብልዩፒኤ 2 ተተክቷል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ እንዲገባ ተብሎ የራውተሩን ቁልፍ ወደ ቀድሞው ዝቅ ማድረግ፥ ለአንድ እንግዳ ሲባል የቤትን በር ሌሊቱን ሙሉ ክፍት አድርጎ እንደ ማደር ነው። የቤተሰቡ ሁሉ ስልክና ምስጢር በዚያው መስመር ያልፋልና። መለወጥ የሚገባው መቀበያው እንጂ ቁልፉ አይደለም።

አድማጮቼ ሆይ፤ አሮጌ ዕቃን አውቆ መጠቀም ንፉግነት አይደለም። እኅቴ ዛሬ የምትማረው በዚያው ላፕቶፕ ነው፤ የረዳትም ከራውተሩ ዋጋ በብዙ ያነሰው ትንሹ አዳፕተር ነው። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር የሚለው ብሂል ለዕቃ ግዢም ይሠራልና፥ ከሻጩ ምስጋና በፊት የራሳችሁን ዕቃ ዐቅም ጠይቁ።